ለሚነስረው ውሻ ሲቲ ስካን ያስፈልገዋልን?

ጥያቄ፦ 6 ዓመት የሆነው ውሻዬ ከአንዱ የአፍንጫው ቀዳዳ መድማት ከጀመረ ወር አለፈው፤ ራጅ ቢነሣም ምንም አልታየም። በውጭ አገር ለውሾች ሲቲ ስካን ይደረጋል ይባላል፤ ይጠቅመዋልን? (አንባቢ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይጠቅመዋል። ተራ ራጅ የራስ ቅልን አጥንቶች በአንድ ምስል ላይ ደራርቦ ስለሚያሳይ በአፍንጫ ውስጥ ያለ ዕጢ በቀላሉ ይሰወርበታል፤ ሲቲ ስካን ግን የራጅ ጨረርን በእንስሳው ዙሪያ እያዞረ ከየአቅጣጫው የለካውን በኮምፒውተር አቀናብሮ ስስ የቁርጥ ምስሎችን ስለሚያወጣ፣ ዕጢው አጥንት አፍርሶ ወደ አንጎል መዝለቅ አለመዝለቁን ጭምር ያሳያል። ውሻ ተነግሮት ጸጥ ብሎ ስለማይተኛ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ ይሰጠዋል፤ ስለዚህም አስቀድሞ ደሙ ይመረመራል፣ ምግብም ይከለከላል።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምጠይቅዎ ውሻዎ ከጣና ዳር ውኃ ይጠጣ እንደሆነ ነው። አልቅት ከውኃ ጋር ገብታ አፍንጫ ውስጥ በመጣበቅ ለሳምንታት ልታደማ ትችላለች፤ መዥገር የሚያስተላልፈው በሽታም ያነስራል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪምዎ አስቀድመው አፍንጫውን በመብራት እንዲያዩለትና ደሙን እንዲመረምሩለት አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ሲቲ ስካን ተነሥቶ ዕጢ ቢታይ እንኳ፣ የዕጢውን ዓይነት በእርግጠኝነት የሚለየው ከእርሱ ተቆርጦ የሚመረመረው ናሙና ነው።