ሰባት ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍሽ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በሞለኪዩላር ባዮሎጂ የዶክትሬት ትምህርትሽን ልትጨርሺ ጥቂት ወራት ቀርተውሻል፤ የምታጠኚው የካንሰር ሕዋሳት የተሰበረ ዲኤንኤአቸውን እንዴት እንደሚጠግኑ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በቀዳሚ ጸሐፊነት ያሳተምሽው ጽሑፍ እስካሁን የተጠቀሰው ሰባት ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ አጠገብሽ የሚሠራው ባልደረባሽ የተሳተፈበት የዳሰሳ ጽሑፍ ግን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ከፊትሽ ሁለት የድኅረ ዶክትሬት ቦታዎች አሉ፦ አንዱ ስሙ የገነነና በታላላቅ ጆርናሎች የሚያሳትም ሰፊ ላቦራቶሪ፣ ሌላው ስድስት ሰዎች ብቻ ያሉበትና በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጽሑፍ የሚያወጣ ላቦራቶሪ። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ የሳይቴሽን ቁጥርሽን፣ ማለትም ሥራሽ በሌሎች ጽሑፎች የተጠቀሰበትን ብዛት፣ ከኢንተርኔት ፈልጎ ለቤተሰቡ ካነበበ በኋላ «ይህን ሁሉ ዓመት የደከምሽው ለሰባት ሰው ነው?» ብሎ፣ በመድኃኒት ኩባንያ የሽያጭ ሥራ እንድትይዢ እየገፋፋሽ ነው። ስለ ዕድሜሽ፣ ስለ እንግሊዝኛሽና ሕክምና ስለ መማርም ጠይቀሻል፤ እነዚህን በአጭሩ እመልሳለሁ። የሰባቱን ነገር ግን በአጭሩ ማለፍ አልችልም።

ኤች-ኢንዴክስሽ «2 ብቻ» መሆኑ እንዳሳዘነሽ ጽፈሻል። ይህን መለኪያ የፊዚክስ ተመራማሪው ሆርሄ ሂርሽ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የአንድ ተመራማሪ ኤች-ኢንዴክስ 20 ነው ሲባል፣ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። እንግዲህ አንቺ ያሉሽ ሁለት ጽሑፎች ናቸው፤ ሁለት ጽሑፍ ያለው ሰው ደግሞ ሥራው ሚሊዮን ጊዜ ቢጠቀስ እንኳ ኤች-ኢንዴክሱ ከ2 ሊያልፍ አይችልም። ያዘንሽበት ቁጥር በአሁኑ ሁኔታሽ ልታገኚው የምትችዪው ከፍተኛው ቁጥር ነው። ይህን ስሌት ሳታስቢው ራስሽን ስትወቅሺ መክረምሽ ቁጥሩ ምን ያህል እንደከበደሽ ይነግረኛል።

የባልደረባሽ ሁለት መቶም ሌላ ነገር ነው የሚለካው። የዳሰሳ ጽሑፍ የሌሎችን ግኝት በአንድ ቦታ ስለሚሰበስብ፣ ስለ ርእሱ የሚጽፍ ሁሉ የመግቢያውን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር ለመደገፍ ይጠቅሰዋል። የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር የሚያሳትመው ሲኤ የተባለው ጆርናል ኢምፓክት ፋክተሩ (ጆርናሉ ያወጣቸው ጽሑፎች በአማካይ የሚጠቀሱበት ብዛት) በመቶዎች ሲቆጠር፣ ትልልቆቹ የሞለኪዩላር ባዮሎጂ ግኝቶች የወጡበት ሴል የተባለው ጆርናል መቶ ደርሶ አያውቅም። ለዚህ ዋናው ምክንያት ሲኤ የዓመቱን የካንሰር ሕሙማንና ሟቾች ግምት በየዓመቱ ማውጣቱና ካንሰርን የሚያጠና ሁሉ ያንን አኃዝ መጥቀሱ ነው። በሳይንስ ታሪክ እጅግ ብዙ ጊዜ የተጠቀሰው ጽሑፍም ኦሊቨር ሎሪና ባልደረቦቹ በ1951 ያወጡት የፕሮቲን መጠን መለኪያ ዘዴ ነው፤ በ2014 በተደረገ ቆጠራ ከ300,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ ነበር። ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ሆኖም ከሌሎች የዘመኑ ግኝቶች ሁሉ ይበልጣል የሚል የለም። ሳይቴሽን የሚነግርሽ በዚያ መንገድ ስንት ሰው እንዳለፈ ነው፤ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ አይነግርሽም።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ ቁጥሩ እውነትን ከስሕተት አለመለየቱ ነው። በ2012 ግሌን ቤግሊና ሊ ኤሊስ ኔቸር በተባለው ጆርናል ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ የአምጄን የመድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች በካንሰር ምርምር ፈር ቀዳጅ የተባሉ 53 ሥራዎችን ለመድገም ሞክረው ውጤቱ የተረጋገጠላቸው የ6ቱ ብቻ መሆኑን አሳውቀዋል። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን አኃዝ ነው። እኔን የከነከነኝ ግን አብሮት የወጣው ሠንጠረዥ ነው፦ ኢምፓክት ፋክተራቸው ከ20 በላይ በሆነ ጆርናሎች ከወጡት መካከል ሊደገሙ ያልቻሉት ሥራዎች በአማካይ 248 ጊዜ ሲጠቀሱ፣ የተደገሙት 231 ጊዜ ተጠቅሰዋል። ሊቆም ያልቻለው ሥራ ከቆመው በጥቂቱም ቢሆን በልጦ ተጠቅሷል ማለት ነው።

የዚህን ትርጉም በራሴ ሕይወት ስላየሁት እነግርሻለሁ። በአንቺ ደረጃ ሳለሁ ላቦራቶሪ የመረጥኩት የኃላፊውን ሳይቴሽን ቆጥሬ ነው። እዚያም ከጣፊያ ካንሰር የተገኘ ነው በተባለ ሴል ላይን፣ ማለትም በላቦራቶሪ እየተባዙ በሚኖሩ ሕዋሳት፣ ሦስት ዓመት ሠራሁ። ሕዋሳቱን የላክንለት ሌላ ቡድን በኤስቲአር ምርመራ፣ ማለትም አጫጭር ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ክፍሎችን በማነጻጸር፣ ማንነታቸውን ሲፈትሽ ሕዋሳቱ ሂላ ሆነው ተገኙ፤ በ1951 ከሄንሪየታ ላክስ የማኅፀን በር ካንሰር የተወሰዱት፣ ሌሎች ሴል ላይኖችን እየወረሩ ማስቸገራቸውም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የታወቀው ሕዋሳት ማለት ነው። ሦስት ዓመት ውሃ ስወቅጥ ኖሬ ነበር። ውጤቱን ለኃላፊው ሳሳይ «ጽሑፉ ከወጣ በኋላ እናየዋለን» ተባልኩ። ስሜ ከጸሐፊዎቹ ዝርዝር እንዲወጣ ጠይቄ ለቀቅሁ፤ ጽሑፉ ግን ወጣ፤ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል። እኔ ከዚያ በኋላ ወደ ምክር ሥራ እስክገባ ድረስ የሌሎች ተመራማሪዎችን ሴል ላይኖች ማንነት በሚያረጋግጥ የጋራ አገልግሎት ላቦራቶሪ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ ሥራ የተጠቀስኩት እምብዛም ነው፤ በየሳምንቱ ግን አንድ ሰው ሦስት ዓመቱን ከማባከኑ በፊት ደርሼለት ወደ ቤቴ እገባ ነበር።

አሁን ወደ ሰባቱ ልመለስ። በደብዳቤሽ ማብቂያ አካባቢ በቅንፍ ውስጥ አስገብተሽ ያለፍሽው አንድ ዐረፍተ ነገር አለ፦ ከሰባቱ አንዱ ቡድን ሙከራሽን በሌላ ሴል ላይን ደግሞ ያንኑ ውጤት አግኝቷል። እህቴ፣ ይህ በቅንፍ የሚታለፍ ነገር አይደለም። አንቺን የማያውቅሽ ሰው፣ በራሱ ገንዘብና በራሱ እጅ፣ ያልሽው ልክ መሆኑን አረጋግጧል። ከላይ ካነሳኋቸው 53 ዝነኛ ሥራዎች መካከል 47ቱ ይህን አላገኙም። ሰባቱንም ጽሑፎች ዛሬውኑ ከፍተሽ በየትኛው ክፍል እንደጠቀሱሽ ተመልከቺ፤ በመግቢያ ላይ በጅምላ ከሌሎች ጋር የተጠራ ስምና ሙከራው የተመሠረተበት ስም በቆጣሪው ላይ እኩል አንድ አንድ ቢሆኑም አንድ አይደሉም።

በአንቺው ዘርፍ ጊዜ ምን ያህል እንደሚወስድም አስቢ። የጄኔቲክስ ተመራማሪዋ ሜሪ-ክሌር ኪንግ የጡት ካንሰር በአንዳንድ ቤተሰቦች የሚወረስ መሆኑን ከጂን ጋር ለማያያዝ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምራ ስትሠራ፣ የብዙዎች እምነት እንዲህ ያለውን ውስብስብ በሽታ በአንድ ጂን መከተል አይቻልም የሚል ነበር። ጂኑ በክሮሞዞም 17 ላይ እንደሚገኝ ያሳየችው በ1990 ነው፤ ጂኑን ራሱን፣ ቢአርሲኤ1ን፣ በ1994 ነጥሎ ያወጣው ደግሞ ሌላ ቡድን ነው። ይህ ጂን የተሰበረ ዲኤንኤ በሚጠገንበት መንገድ ውስጥ ይሠራል፤ በ2005 ሁለት ቡድኖች ይህ የጥገና መንገድ የተበላሸባቸው ሕዋሳት ፓርፕ የተባለው ሌላው የጥገና ኢንዛይም ሲታገድባቸው እንደሚሞቱ አሳዩ፤ በዚህ ሐሳብ የተሠራው ኦላፓሪብ የተባለው መድኃኒት ለሕሙማን የተፈቀደው በ2014 ነው። በዚህ አርባ ዓመት መካከል በአንዱ ዓመት ላይ ቆሞ ሳይቴሽን የሚቆጥር ሰው፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ «ተዉት» ብሎ በመከረ ነበር።

ይህን ስል ቁጥር የሚያይ የለም ብዬ ልሸነግልሽ አይደለም። በ2013 ይፋ የሆነው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ ተመራማሪዎች በጆርናል ኢምፓክት ፋክተር እንዳይመዘኑ ጠይቆ ብዙ ተቋማት ፈርመውበታል፤ ሆኖም ፈራሚ በሆነ ተቋም ውስጥ ተቀምጦ ቁጥር የሚያይ ገምጋሚ አሁንም አለ። ስለዚህ ጽሑፍሽ እንዲገኝ ማድረግ ያንቺ ድርሻ ነው፦ ጥሬ መረጃሽን በይፋ ማከማቻ አስቀምጪ፣ ፕላዝሚዶችሽን (ለሙከራ ያዘጋጀሻቸውን ክብ የዲኤንኤ ቁራጮች) ለጠየቀ ሁሉ በቀላሉ እንዲደርሱ አድርጊ፣ በጉባኤ ላይ ፖስተርሽን ይዘሽ ቁሚ። ለማመልከቻሽም «ኤች-ኢንዴክስ 2» ብለሽ ከመጻፍ ይልቅ «ውጤቱ በሌላ ቡድን ራሱን ችሎ ተረጋግጧል» ብለሽ ጻፊ።

ከሁለቱ የቱን ልምረጥ ላልሽኝ፣ በነገርሽኝ ብቻ ብፈርድ ትንሹን እመርጣለሁ። በትልቁ ላቦራቶሪ አንድ ጥያቄ ለሁለት ድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎች ተሰጥቶ መጀመሪያ የደረሰው እንደሚያሳትም ጽፈሻል። እንዲህ ባለ ቦታ ሙከራን ሦስተኛ ጊዜ መድገም እንደ መሸነፍ ይቆጠራል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል። ትንሹ ላቦራቶሪ የሦስት ዓመት ውል ሰጥቶሻል፤ የገንዘብ ድጋፉ ከውልሽ በፊት እንደማያልቅ ግን በጽሑፍ አረጋግጪ፤ ትንሽ ላቦራቶሪ የሚፈርሰው ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

ስለ ወንድምሽ በግልጽ ልናገር። ሥራሽን ሊያነበው አልሞከረም፤ ያነበበው ከስምሽ አጠገብ ያለውን አኃዝ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ ድምፁ ሊከብድሽ አይገባም። ምናልባት ከቁጥሩ ጀርባ ያለው እውነተኛ ጥያቄ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ የታናናሾችሽን ትምህርት ቤት ክፍያ እሱ ብቻውን እንደተሸከመ አንቺው ጽፈሻል። ገንዘብ ከሆነ ገንዘብ ብሎ ይጠይቅ፤ በሳይንስሽ ስም አይጠይቅ። በየወሩ ስንት እንደሚያስፈልግና ለስንት ዓመት እንደሆነ ከእሱ ጋር ተቀምጠሽ ጻፉት፤ የድኅረ ዶክትሬት ደመወዝ ትንሽ ቢሆንም ደመወዝ ነውና ከዚያ የምትችዪውን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው። ያንቺም ጥፋት አለበት፦ አምስት ዓመት ሙሉ «ሊያልቅ ነው» እያልሽ ስታጽናኚያቸው ቆይተሻል፤ ከዶክትሬት በኋላ ሌላ የሥልጠና ዘመን መኖሩን ቤተሰብሽ የሰማው ባለፈው ወር ነው። ወንድምሽ የተቆጣው በዚህም ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ላይ ይቅርታ ብትጠይቂው ተገቢ ነው። የሽያጩን ሥራ በተመለከተ፣ ሥራው ክቡር ነው፤ ነገር ግን በስድስት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ እሱ የጻፍሽው የደመወዙን መጠን ብቻ ስለሆነ፣ እንደማትፈልጊው ተረድቻለሁ።

የቀሩትን ልመልስ። 31 ዓመት ለድኅረ ዶክትሬት የተለመደ ዕድሜ ነው። እንግሊዝኛሽን የሚያሻሽለው ኮርስ ሳይሆን፣ የምታደንቂያቸውን ጽሑፎች የዘዴ ክፍል እየገለበጥሽ መጻፍና ረቂቅሽን በቀይ ብዕር የሚያርም አንድ ጨካኝ አንባቢ ነው። ሕክምና አትማሪ፤ ሕሙማን ለማከም ያለሽን ፍላጎት በደብዳቤሽ ውስጥ አላየሁትም።

ሁለቱን ላቦራቶሪዎች ልትጎበኚ ስትሄጂ ኃላፊዎቹን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ በቅርቡ ከቤታቸው የወጣና ሊደገም ያልቻለ ሙከራ የትኛው ነው? ምንስ አደረጉበት? «የለም» ካሉሽ ተጠንቀቂ። ሴል ላይኖቻቸውን በስንት ጊዜ እንደሚያስመረምሩና የመጨረሻው የምርመራ ውጤት የት እንደተቀመጠ ደግሞ ኃላፊውን ሳይሆን ማቀዝቀዣውን የሚጠብቀውን ቴክኒሻን ጠይቂ። ባለፉት አምስት ዓመታት ለቀው የሄዱትንም ፈልገሽ አነጋግሪ፤ ሲለቁ የጀመሩትን ጥያቄ ይዘው እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸው እንደሆነ ይንገሩሽ።

ከዚያ በፊት ግን፣ በዚህ ሳምንት፣ ሙከራሽን ለደገመው ቡድን ደብዳቤ ጻፊ። አመስግኛቸው፤ የተጠቀሙበትን ሴል ላይንና ያጋጠማቸውን ችግር ጠይቂያቸው፤ ያልታተመውን ዝርዝር አሠራርሽንም ላኪላቸው። መልሳቸው ሲደርስሽ ለእኔም አሳውቂኝ።