ሰው ሠራሽ ጉልበት ድጋሚ ሲቀየር

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበቷ በሰው ሠራሽ ከተቀየረ 9 ዓመት ሆነው። አሁን ስትራመድ ያማታል። ሐኪሟ «ላልቷል፣ ድጋሚ ይቀየር» አላት። ያሰጋል?

መልስ፦ እህቴ፣ አልደብቅሽም፣ ድጋሚው ከመጀመሪያው ይከብዳል። አሮጌው ሲወጣ አጥንት አብሮ ሊጎዳ ይችላል፤ ኢንፌክሽንም ይበልጥ ያሰጋል። ግን ከሁሉ በፊት ለምን እንደላላ ጠይቂ። ድብቅ ኢንፌክሽን ያለ ትኩሳትም ሊኖር ስለሚችል፣ ደሟ ሳይመረመርና ከጉልበቷም ፈሳሽ በመርፌ ተወስዶ ሳይታይ ወደ ቀዶ ጥገናው አትቸኩሉ፣ እባክሽ። ኢንፌክሽን ከተገኘ ብዙ ጊዜ ሥራው 2 ዙር ነው፤ አሮጌው ይወጣና አንቲባዮቲክ ያለበት የአጥንት ሲሚንቶ (ለሕክምና የተሠራ ማጣበቂያ) በቦታው ለሳምንታት ይቀመጣል፣ አዲሱ ከዚያ በኋላ ይገባል። ስኳር ካለባት ቀድሞ ይስተካከል። የብዙዎች ሕመም ይቀንሳል፣ ጉልበቷ ግን እንደ በፊቱ ላይታጠፍላት ይችላል።