ንብ የነደፈችው እጅ በማግስቱ ቢያብጥስ?

ትናንት ንብ የነደፈችው የልጅሽ እጅ ዛሬ ይበልጥ ስላበጠ ብቻ አንቲባዮቲክ አያስፈልገውም። እብጠቱ እስከ 48 ሰዓት ድረስ እየጨመረ ሊሄድ ይችላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጎድላል። ኢንፌክሽን የሚያስጠረጥረው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ መቅላቱ ከቀን ወደ ቀን ሲሰፋ፣ መግል ሲይዝ ወይም ልጁን ሲያተኩሰው ነው። ያኔ ሐኪም ይየው።

ለዛሬ ግን፦

1. የንቧ መንደፊያ ቆዳው ውስጥ መቅረቱን በደንብ እዪ። ካለ አውጪው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ወረንጦ ፍለጋ አትሩጪ፣ በጥፍርሽም ቢሆን ቶሎ ንቀዪው። መንደፊያው ከንቧ ከተለየ በኋላም መርዝ መርጨቱን ስለሚቀጥል ወሳኙ ፍጥነት ነው።
2. በውሃና በሳሙና እጠቢው።
3. በረዶ በጨርቅ ጠቅልለሽ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዢበት፤ እያሳረፍሽ ድገሚው።

ማሳከኩ እንቅልፍ ከነሳው ለዕድሜው የሚሆን የአለርጂ መድኃኒት ፋርማሲስት ጠይቂ። ጭቃም የጥርስ ሳሙናም አትቀቢው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ብዙ ወላጆች ዓይናቸው እብጠቱ ላይ ተተክሎ ሲቀር አይቻለሁ። አደገኛው ምልክት የሚታየው ከተነደፈበት ቦታ ርቆ ነው፦ ከንፈር ወይም ምላስ ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ መላ ሰውነት ላይ የሚወጣ ሽፍታ፣ ማስመለስ፣ መዝለፍለፍ። አብዛኛውን ጊዜ ከተነደፈ በደቂቃዎች ውስጥ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ነገር ካየሽ ክኒን ሰጥተሽ አትጠብቂ፤ የሚያስፈልገው የአድሬናሊን መርፌ ስለሆነ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል አድርሺው።