ላይኩ አለ፣ ገዢው የታለ?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የመጡት ስልካቸውን እንደ ጋለሪና እንደ መድረክ ከያዙ አርቲስቶች ነው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሰዓሊ ነኝ። ያለቁ ሥራዎቼን ኢንስታግራም ላይ እለጥፋለሁ። ላይክ ሞልቷል፣ የሚገዛኝ ግን የለም።

መልስ፦ ሰዉ ሥዕልሽን የሚያየው በመዳፉ ልክ ነው። የቀለሙ ውፍረትና የብሩሹ ዱካ እዚያ ይጠፋል። ስለዚህ ስትሠሪ አሳዪን። በከሰል የጣልሽው የመጀመሪያ መስመር፣ ሳትወጂው ቀርተሽ ደግመሽ የቀባሽበት ሰማይ፣ ሁሉም ይታይ። ሸራውን መስኮት አጠገብ አቁመሽ ብርሃኑ ከጎን ሲመታው ቅረጪ፤ የቀለሙ ጉብታ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስፋቱ እንዲታወቅም አጠገቡ ቁሚ። ደግሞ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የምትለዋን ነገር ተያት። ዋጋ መጠየቅ የሚያፍር ገዢ ብዙ ነው፤ አንዱ እኔ ነኝ። መጠኑን፣ ዋጋውንና አላላኩን እዚያው ጻፊው።

ትዕግሥትም ያስፈልጋል። ቢፕል በሚል ስም የሚታወቀው የዲጂታል ሥዕል ሠሪ ማይክ ዊንክልማን እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በየቀኑ አንድ ሥራ ይለጥፍ ነበር። የ5,000 ቀን ሥራዎቹ የተገጣጠሙበት ምስል በ2021 ክሪስቲስ ጨረታ ላይ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣለት። ሰው የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። የኤንኤፍቲ፣ ማለትም የዲጂታል ሥራ ባለቤትነት በኢንተርኔት መዝገብ የሚሸጥበት፣ ግርግር ነበርና ያ ዋጋ ለሌላው አይደገምም። እኔን የሚገርመኝ 13 ዓመት ከምናምን ሳያቋርጥ መለጠፉ ነው።

ጥያቄ፦ ተከታይ ልግዛ?

መልስ፦ አትግዛ። የተገዛ ተከታይ አያይም፣ አይጽፍም። ገጽህም ብዙ ተከታይ እያለው ጭር ያለ ይሆናል፤ ይህን ደግሞ ሥራ ሊሰጥህ የመጣ ሰው ቶሎ ያውቀዋል።

ጥያቄ፦ የ15 ሰከንድ ዘፈኔ ቲክቶክ ላይ ተቀጣጠለ። በሳምንቱ ጭጭ አለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ሰዉ የወደደው ያቺን 15 ሰከንድ ነው፤ አንተን ገና አያውቅህም። ኮሜንቱን ተመለስና እየው። «ሙሉው የት ነው?» ያሉህ አሉ? ያን ቀን ሊንክ ነበረህ? በማግስቱ ሌላ ዘፈን ይዘህ መምጣትህም ሳይጎዳህ አልቀረም። ያንኑ በጊታር ብቻ፣ ወይ ግጥሙን እንዴት እንደጻፍከው እያወራህ ብትደግመው ይሻል ነበር።

ጥያቄ፦ በዕድሜ የገፋሁ ሙዚቀኛ ነኝ። ልጆቼ «ገጽ ክፈት» ይሉኛል። ነገ ቢዘጋብኝስ?

መልስ፦ ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ከመሬት አልተነሳም። አጫጭር ቪዲዮ ይለጠፍበት የነበረው ቫይን እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘግቷል። ሙዚቀኞች ዘፈናቸውን ይጭኑበት የነበረው ማይስፔስም ሰርቨር ሲያዛውር ከ2016 በፊት የተጫኑ ዘፈኖች እንደጠፉ በ2019 አምኗል። ቢሆንም ይክፈቱ። ዋናውን ቅጂ ግን ሁለት ቦታ ያስቀምጡ፣ የአድማጮችዎን ኢሜይልም ይሰብስቡ። ፓስወርዱን ደግሞ ልጅዎ ብቻ ሳይሆን እርስዎም ይያዙት።