ሞት «መጣ» ወይስ «መጡ»?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ነው የምማረው። ኤሚሊ ዲኪንሰን ስለምትባል አሜሪካዊት ገጣሚ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘናል። አንዱ ግጥሟ ላይ ሞት በሠረገላ ይመጣና ይዟት ይሄዳል። አትጮህም፣ አታለቅስም፣ ዝም ብላ ትሳፈራለች። እኔ አምና አያቴን ቀብሬያለሁና ነገሩ ሊዋጥልኝ አልቻለም። ሰው ሞቶባት አያውቅም እንዴ? ወይስ ሞት አያስፈራትም?
ሰ.፣ ከደሴ

መልስ፦ እህቴ፣ ለአያትሽ ነፍስ ይማር። ወይም አላህ ይርሐማቸው፤ ስምሽን በአንድ ፊደል ስለጻፍሽው የትኛውን እንደምል አላወቅሁም፣ ወሎ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ማለት ነውር የለውም።

ሰው እንዴት አይሞትባት! ከ1840 እስከ 1855 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) የኖረችበት ቤት መቃብር አጠገብ ነበር። ቀብር የሚሄደው ሰው በመስኮቷ ስር ነው የሚያልፈው። 13 ዓመቷ ላይ ዘመዷም ጓደኛዋም የነበረች ሶፊያ የምትባል ልጅ ሞተችባት፤ ኀዘኑ በጣም ስለጎዳት ወላጆቿ ቦስተን አክስቷ ጋ ላኳት። በ1883 ደግሞ የወንድሟ ልጅ ገና በ8 ዓመቱ በታይፎይድ ሄደ። እሷም ብዙ አልቆየችም፣ በ1886 በ55 ዓመቷ አረፈች።

ወደ ግጥሙ እንምጣ። ሴትዮዋ ሥራ በዝቶባታል፣ ለሞት የሚሆን ጊዜ የላትም፤ ስለዚህ ሞት ራሱ በደግነት ቆሞላት ያሳፍራታል። ሠረገላው ቀስ እያለ ልጆች የሚጫወቱበትን ትምህርት ቤት ያልፋል፣ የእህል ማሳ ያልፋል፣ የምትጠልቀውን ፀሐይ ያልፋል። ልጅነት፣ ጉልምስና፣ እርጅና ተብሎ በየክፍሉ የሚጻፈው ይሄ ነው። ልክ ነው፣ ግን ብዙ አትቆዪበት። ቀጥላ የምትለውን እዪ፦ አይ፣ ይልቅ ፀሐይዋ ናት እኛን ያለፈችን ብላ የራሷን ቃል ታርማለች። በቃ፣ እዚህች ላይ ነው የቆመችው፤ የሚሄደው ሌላው ነው። ከዚያ ይበርዳታል፣ የለበሰችው ስስ ነው። አንድ ቤት ደጅ ይደርሳሉ፣ ጣሪያው በቅጡ የማይታይ፣ መሬቱ ትንሽ ያበጠ የሚመስል። ያ ቤት የምን ቤት እንደሆነ አያትሽን የቀበርሽ አንቺ አይነገርሽም። መጨረሻ ላይ ይሄ ሁሉ ከሆነ ዘመናት አልፈዋል ትለናለች።

ለካ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የምታወራን የሞተች ሴት ናት! የማታለቅሰውም ለዚህ ነው። ለቅሶ የኗሪ ሥራ ነው። ቅሬው (እድሩ) ተጠርቶ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ አልቃሿ ሙሾ የምታወርደው ለቀረነው ነው። ዲኪንሰን ድንኳኑን ትታ ከሬሳው ጋር ነው የሄደችው። አንቺ አምና ድንኳኑ ውስጥ ነበርሽ፣ ባይዋጥልሽ አይገርምም።

አሁን አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ መምህርሽ ባይስማማም ግዴለም። እንግሊዝኛ ሞትን የመሰለ ነገር ወንድም ሴትም ሳያደርግ ነው የሚጠራው፤ ስለዚህ «እሱ» ስትለው ገና በአንድ ቃል ሰው አድርጋዋለች። እኛ ዘንድ ግን ሞት ድሮም «መጣ»፣ «ወሰደው» ነው፤ ወደ አማርኛ ስትመልሺው ያ ጨዋታ ድርግም ብሎ ይጠፋል። እኔ ብሆን አንቱ እለው ነበር። ሞት መጡ፣ ደጄ ቆሙልኝ። ምክንያቱም ግጥሙ ውስጥ ሥራዋንም ዕረፍቷንም የምትተወው ለሞት ጨዋነት ስትል ነው፣ ተገዳ አይደለም። ትልቅ ሰው ደጅ ቆሞ እየጠበቀ «ቡናዬን ልጨርስ» ይባላል እንዴ? ይሉኝታ ነው ያሳፈራት። እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው፤ ከሚጎትት ሰው ታግለሽ ልታመልጪ ትችያለሽ፣ «እባክሽ ግቢ» ካለሽ ሽማግሌ ግን በምን ታመልጫለሽ?

የእሷን ፍርሃት ከፈለግሽ ሌላኛዋን ግጥም አንብቢ። ሰው አልጋ ላይ እያጣጣረ ነው፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል፣ ሁሉም የንጉሡን መምጣት ይጠብቃል። የመጣው ዝንብ ነው። ጥዝ እያለ በሰውየውና በብርሃኑ መካከል ይገባል፣ ከዚያ መስኮቱ ይጠፋል። እሱን ካነበብኩ በኋላ ለቅሶ ቤት ዝንብ ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ አያለሁ።

ጥያቄ፦ ያቺ አሜሪካዊት ገጣሚ ግጥሞቿን መሳቢያ ውስጥ ደብቃ ነው የሞተችው የሚባለው እውነት ነው? እኔም ያላሳተምኳቸው አሉኝ።
አንድ ጡረተኛ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አባቴ፣ እውነትነት አለው። ወደ 1,800 ከሚጠጉት ግጥሞቿ በሕይወት እያለች የታተሙት አሥር ገደማ ቢሆኑ ነው። ሌላው በእጇ በክር ሰፍታ ያስቀመጠቻቸው 40 ያህል ጥራዞች ውስጥና በብጥስጣሽ ወረቀት ላይ ነበር። ከሞተች በኋላ እህቷ ላቪኒያ አገኘቻቸው፣ «ይታተሙ» ብላም ሰው አላስቀምጥ አለች፣ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1890 ወጣ። እርስዎም መሳቢያውን ከመቆለፍዎ በፊት ቤት ውስጥ ላቪኒያ መኖሯን ያረጋግጡ። ከሌለች ለእኛ ይላኩልን።