የግቢያችሁን ዝናብ ጻፉት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር፣ ቡሬም ሆነ ሞጣ፣ ዳንግላም ሆነ ቢቸና ለምትኖሩ፣ ትንሽ ግቢ፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ለማታጡ ወጣቶች ነው። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአፈርና ውሃ ጥበቃ ሙያ፣ ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ከገበሬው ጋር እርከን ስሠራና የጎርፍ መቀልበሻ ስቀይስ ነው። አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ሰኔ ሲገባ በግቢያችሁ የዝናብ መለኪያ አቁሙና በየቀኑ የጣለውን ጻፉ።

«ይሄ የሜትሮሎጂ ሥራ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ነው። ነገር ግን ጣቢያው የሚለካው ጣቢያው ያለበትን ቦታ ነው፤ የጎጃም ዝናብ ደግሞ በየሸንተረሩ ይለያያል። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል፤ ከደጀን ቁልቁል ወርዳችሁ የዓባይን ድልድይ ስታገኙ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል ያለ አገር አንድ ዓይነት ዝናብ ሊያገኝ አይችልም። ባሕር ዳር በዓመት በአማካይ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። ደምበጫ አቅራቢያ ያለው አንጀኒ፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የአፈር መሸርሸር ሲጠናበት የቆየው ትንሽ ተፋሰስ፣ ወደ 1,700 ይጠጋል። ሰዓቱም ቢሆን አንድ አይደለም። ተራራው ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓዱ ይነሣል፤ በጣና ደቡብ ዳርቻ ግን ሌሊት ሌሊት ይበረታል፣ ምክንያቱም ምድሩ ሲቀዘቅዝ ሐይቁ ሙቀቱን ይዞ ስለሚያድር አየሩ ከውሃው ላይ ወደ ሰማይ ይነሣል።

ሳተላይቱም ቢሆን የግቢያችሁን ዝናብ አይለካላችሁም። በአብዛኛው የሚያየው የዳመናውን አናት ነው፤ አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ዝናብ አለ ብሎ ይገምታል። በደጋችን ተራራውን ታክኮ ዝቅ ብሎ የሚያዘንበው ዳመና ግን አናቱ ያን ያህል ስለማይቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። ስለዚህ ግምቱን የሚያርመው መሬት ላይ የተለካ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ደግሞ በገጠራችን ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ጉድለት የታየው በአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፎርት ኮሊንስ በምትባል ከተማ የደረሰ ጎርፍ 5 ሰው ገደለ። ከከተማዋ አንዱ ጫፍ የጣለው ዝናብ በሌላው ጫፍ ከጣለው በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር፤ ይህ በደንብ የታወቀው ግን በኋላ፣ ከየግቢው የተጠራቀመው ውሃ እየተጠየቀ ሲሰበሰብ ነው። በዓመቱ ኮኮራስ የተባለ የበጎ ፈቃደኞች መረብ ተቋቋመ፤ ዛሬም ተራ ሰዎች በየጓሯቸው እየለኩ ይልካሉ። ከዚህ ከእኛው አገር ደግሞ በዳንግላ ወረዳ፣ ዳንገሽታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች ዝናቡን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ በየዕለቱ ለክተዋል። ተመራማሪዎች መረጃውን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ከመደበኛው መረጃ እንደማያንስ አሳይተዋል። የለኩት የተማሩ የውሃ ሳይንስ ባለሙያዎች ሳይሆኑ የቀበሌው ሰዎች ናቸው።

መለኪያውን ለመሥራት ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ያልጎደጎደ የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጉ። አናቱን መጥበብ ከሚጀምርበት ላይ በስለታም ቢላ ቁረጡ፤ ክዳኑን አውጡና የቆረጣችሁትን ገልብጣችሁ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ጠርሙሱ ውስጥ መልሳችሁ ክተቱት። ይህ ውሃው በፀሐይ እንዳይተን ይረዳል፤ ቅጠልና ነፍሳትም በቀላሉ አይገቡም። ውሃውን በማስመሪያ አትለኩ፤ የጠርሙሱ ቂጥ ስለሚጎረብጥ ያሳስታችኋል። ከመድኃኒት ቤት ባለ 5 ሲሲ ሲሪንጅ ግዙ። የአፉ ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሲሲ ውሃ ማለት 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው። ስፋቱ ሌላ ከሆነ የስፋቱን ግማሽ በራሱ አባዙት፣ ከዚያ በ3.14 አባዙት፣ ለ10 አካፍሉት፤ ለ1 ሚሊ ሜትር ስንት ሲሲ እንደሚያስፈልግ ታገኛላችሁ። ሲሪንጁን ስትሞሉ ወደ ዓይናችሁ ደረጃ አንሡት፤ የአየር አረፋ ካለ በጣታችሁ መታ መታ አድርጋችሁ አስወጡ። ስንት ጊዜ እንደሞላችሁ በቃል ከመያዝ በወረቀት ላይ ጭረት እየጫራችሁ ቁጠሩ። ዶፍ ባደረበት ጠዋት መቁጠሩ ይረዝማል፤ አትቸኩሉ።

ጠርሙሱን ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ባለ እንጨት ላይ እሰሩት። ጠርዙ ከእንጨቱ ጫፍ ትንሽ ከፍ ይበል፣ አለዚያ እንጨቱን የመታው ውሃ እየተረጨ ይገባበታል። አፉ ወደ አንድ ጎን ማዘንበል የለበትም። ቤትና ዛፍ ከቁመታቸው እጥፍ ይራቁ፦ 10 ሜትር የሚሆን ባሕር ዛፍ ካለ 20 ሜትር ራቁ ማለት ነው። ግቢያችሁ ጠባብ ሆኖ ይህ ካልተቻለ ከሁሉ የተሻለውን ቦታ ምረጡና ምን ምን እንደሚከልለው ጻፉ። ጣራ ላይ ግን አታውጡት፤ እዚያ ንፋሱ ጠብታውን ያሻግረዋል። ወጨፎ ሲሆን የትኛውም መለኪያ ትንሽ ይጎድላል፤ ስለዚህ ንፋስ የበረታበትን ቀን ከቁጥሩ አጠገብ ምልክት አድርጉበት። በረዶ ከጣለ ጠብቁት፤ ሲቀልጥ ለኩት።

የሚለካበት ሰዓት ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ጣቢያዎቻችንም የሚለኩት በዚያ ሰዓት ነው። ሰኔና መስከረም ላይ ትምህርት ቤት የምትሄዱ ከሆነና 3 ሰዓት ካልተመቻችሁ 1 ሰዓት ላይ ለኩ፤ ግን ሁልጊዜ 1 ሰዓት ይሁን። ጠዋት የለካችሁት ውሃ አብዛኛው ትናንት ከሰዓትና ሌሊት የዘነበ ነው። በተለካበት ቀን መጻፍ ይቻላል፣ በዋዜማውም መጻፍ ይቻላል፤ የመረጣችሁትን ደብተሩ ሽፋን ላይ አስፍሩና አትቀይሩት።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በዝናብ ደብተር ውስጥ ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም። መለኪያውን አይታችሁ ምንም ካላገኛችሁ 0 ጻፉ። ካላያችሁት ባዶ ተዉት፣ ምክንያቱንም ጻፉ። ጠብታ ኖሮ ሲሪንጁ ካልለካው «ካፊያ» በሉ። ሁለት ቀን ሳትለኩ ቀርታችሁ በሦስተኛው ቀን ውሃ ብታገኙ «የ3 ቀን ድምር» ብላችሁ አንድ ቁጥር አስፍሩ፤ ለሦስት አታካፍሉት። «ትናንት እንደዛሬው ነበር የዘነበው» ብሎ መሙላት የሚፈትን ነገር ነው፣ በተለይ ደብተሩን መምህር የሚያየው ከሆነ። ልጆቼ፣ ይህን በፍጹም አታድርጉ። ባዶ መስመር ያለበትን ደብተር ባለሙያ ይጠቀምበታል፤ በግምት የተሞላውን ግን የትኛው እውነት የትኛው ግምት እንደሆነ መለየት ስለማይችል ሁሉንም ይተወዋል።

አንድ ክረምት በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ አቋርጦ ቡቃያው ጠውልጓል፣ ገበሬው ምትክ ዘር ይሰጠን ይላል። ስንት ቀን እንዳቋረጠ ሲጠየቅ አንዱ 10 ቀን አለ፣ ሌላው ሁለት ሳምንት፣ አንድ ሽማግሌ ደግሞ «ከሐዋርያት ወዲህ ጠብታም አላየን» አሉ። ከኋላ የተቀመጠ አባት «የልጄ ደብተር ይነበብ» ብሎ ተነሣ። ልጅቱ ስምንተኛ ክፍል ነበረች። ገጹ በእርሳስ የተሰመረ ነው፤ በአንዱ ዓምድ ቀኑ፣ በሌላው ቁጥሩ፣ ዜሮዎቹ አንድ በአንድ ተደርድረው ይታያሉ። መካከል ላይ ሁለት መስመር ባዶ ነው፤ አጠገባቸው «ለቅሶ ሄደን አልተለካም» ይላል። እኔን ያሳመነኝ ያ ባዶው መስመር ነው። የማታውቀውን አላውቅም ያለች ልጅ የጻፈችውን ሌላውን ቁጥር መጠራጠር አልቻልኩም። በስብሰባው ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረው የቀን ብዛት ከዚያ ደብተር የተገኘው ነው።

የዝናብ አገባብ ነገር ለጎጃም ገበሬ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው። ቡሬና ወምበርማ በቆሎ የሚዘራ ሰው ግንቦት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን በደንብ ሲጥል ክረምቱ ገባ ይልና ውድ ምርጥ ዘሩን ያወጣል። ከዚያ ዝናቡ ያቋርጣል። ባለሙያዎች ትክክለኛውን አገባብ ከሚለዩባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፦ በ3 ተከታታይ ቀን 20 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከጣለ፣ በቀጣዩ አንድ ወር ውስጥም ከሳምንት የረዘመ ደረቅ ጊዜ ካልገባ፣ ክረምቱ ገብቷል ይባላል። በዓመቱ ሲያልፍ ደብተራችሁን ገልጣችሁ ያ ቀን መቼ እንደነበር ማውጣት ትችላላችሁ። ዓመታት ሲደራረቡ ቀኑ በሰፈራችሁ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚዋልል ታያላችሁ፤ አባታችሁም በሚቀጥለው ግንቦት ሊዘራ ሲል የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።

«ቡሄ ካለ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት» እንላለን። ነሐሴ 13 ካለፈ ወዲህ ሰማዩ ይለወጣል፣ ጉሙ ይቀላል፣ ፀሐይዋም ብቅ ትላለች፤ አባባሉ ያየውን ነው የተናገረው። ይሁን እንጂ ባሕር ዳር ላይ መስከረም ከግንቦት የበለጠ ዝናብ ያገኛል። ቡሄን አልፋችሁ የምትጽፉት ቁጥር ጤፉን የሚያደርሰው ውሃ ስለሆነ መለኪያውን ከጅራፉ ጋር አብራችሁ አታስቀምጡት። ጥቅምትና ኅዳር ላይም ይቆይ፤ ታጭዶ የተከመረ ጤፍ ላይ የሚጥል ዝናብ ትንሽ ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው።

ከቁጥሩ ሌላ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ሰዓት መጻፍ ብትችሉ ደስ ይለኛል። 30 ሚሊ ሜትር ሌሊቱን ሙሉ ቀስ ብሎ ቢጥል መሬት ይጠጣዋል፤ በግማሽ ሰዓት ቢወርድ አፈሩን ይዞት ይሄዳል። ይህ የሚብሰው ሰኔና ሐምሌ ላይ፣ ማሳው ታርሶ ገና ሳይሸፈን ነው። በሙያዬ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ከእርሻችን የወጣው ቀይ አፈር በየጅረቱ ሲወርድ ቆሞ ማየት። የቦዩን ውሃ ቀለም እንኳ ጻፉ፦ የጠራ፣ የደፈረሰ፣ ጭቃ የሆነ።

ለቤታችሁም ጥቅም አለው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። ርዝመቱ 8፣ ወርዱ 5 ሜትር የሆነ የቆርቆሮ ቤት ካላችሁ 25 ሚሊ ሜትር ባደረ ጠዋት ከጣራው 1,000 ሊትር ወርዷል፤ ባለ 200 ሊትር 5 በርሜል ማለት ነው፣ የሚፈሰውና የሚረጨው ትንሽ ቢቀንሰውም። በአንድ ቃዳ መሬት ላይ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ 2,500 ሊትር ነው። እናታችሁ በጋ ላይ ውሃ ፍለጋ ስንት ሰዓት እንደምትሄድ የምታውቁ ልጆች ይህን ሒሳብ ሠርታችሁ አሳዩአት፤ አሸንዳና በርሜል መግዛት ያዋጣ እንደሆን አብራችሁ መወሰን ትችላላችሁ።

የአንድ ዓመት ደብተር ይዛችሁ ግን «የአየር ንብረት ተለወጠ» አትበሉ። የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የአንድን ቦታ አማካይ የሚያወጣው ከ30 ዓመት መረጃ ነው። በመካከሉ እንደ 2007 ዓ.ም. ያለ ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው መሞቅ) የበረታበት ክረምት ይገባል፣ የዝናቡም መጠን ይዋዥቃል። 30 ዓመት ደግሞ ለአንድ ሰው ረጅም ነው፤ ትማራላችሁ፣ ትሠራላችሁ፣ ታገባላችሁ፣ አገር ትቀይራላችሁ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክረምት ጀምራችሁ ተረካቢ አዘጋጁ፤ ታናሽ እህታችሁን፣ ወንድማችሁን ወይም የጎረቤት ልጅ አጠገባችሁ አቁማችሁ ሲሪንጁን አስይዟት፣ አስይዙት። ሽፋኑ ላይ የቦታውን ስም፣ ስልካችሁ የሚያሳየውን ከፍታ፣ የአፉን ስፋት፣ የምትለኩበትን ሰዓትና መለኪያው የቆመበትን ቀን ጻፉ። ዛፍ ሲቆረጥ፣ አዲስ ቤት ሲሠራ፣ ጠርሙሱ ተሰንጥቆ ሲቀየር፣ የሚለካው ሰው ሲለወጥ ቀኑን መዝግቡ። በየወሩ መጨረሻ ገጹን በስልክ አንሥታችሁ ለራሳችሁ በቴሌግራም ላኩ፤ ደብተር ይረጥባል፣ ይጠፋልም። ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በዶርሙ ግቢ ቦታ ከተገኘ ሌላ መለኪያ አቁሙና በሌላ ደብተር ጀምሩ። የቤቱን ደብተር ግን ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለተረካቢው ተዉለት።