ለታብሌት ልበደር?

ጥያቄ፦ ልጄ አምስተኛ ክፍል ነው። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ትምህርት ቤቱ ለሚቀጥለው ዓመት ታብሌት ግዙ ብሎናል። ውጭ ያለችው እህቴም «እዚህ እኮ ሁሉም በኮምፒውተር ነው» ትለኛለች። ልጄ ወደኋላ እንዳይቀር ተበድሬም ቢሆን ልግዛ?
የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ለመበደር አይቸኩሉ። ውጭ ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ፔሩ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ላፕቶፖች ለተማሪዎች አደለች፤ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት ግን የሒሳብና የቋንቋ ውጤታቸው ሲሻሻል አላየም፣ ኮምፒውተር መጠቀሙን ግን ለምደዋል። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ1996 ኮምፒውተር ወደ ትምህርት ቤት ማስገባት ስትጀምር ትምህርት ቤቶቿን ከኢንተርኔት ማገናኘት ብቻ ሳይሆን መምህራኑንም አሠለጠነች፣ እኔን ከጠየቁኝ ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ስዊድን ደግሞ በ2023 ለታተመ መጽሐፍ መግዣ ገንዘብ መደበች (እነሱ ወደ ወረቀት ሲመለሱ እኛ ለታብሌት እንበደር!)።

ደግሞ ሩቅ ምን አስኬደን፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በቴሌቪዥን ይሰጥ የነበረው የራሳችን ፕላዝማ ነበር አይደል? መምህሩ ጥግ ይዞ ይቆም ነበር፣ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይሮጥ ነበር፣ ለልጆቹ ሳይገባቸው ያልፍ ነበር፣ መብራት ከጠፋማ ትምህርቱም አብሮ ይጠፋ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ። ታብሌቱ ላይ ምን ሊያስተምሩበት ነው? መምህራኑ ሠልጥነዋል? ሲሰበርስ ማን ያሠራል? ጥርት ያለ መልስ ካላገኙ፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው ትምህርት ቤቱ ራሱ ጥቂት ኮምፒውተሮች ገዝቶ ልጆቹ በየተራ እንዲሠሩባቸው ይጠይቁ።